ማርቆስ የሚያወራው የሕንድ ዓመት

ማርቆስ ያንን ዓመት ሊያወራ ሲል መጀመሪያ እጁን በሶፍት ይጠርጋል፤ ቀጥሎ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ይገፋና «እኛ ሕንድ አገር በነበርን ጊዜ» ይላል። «እኛ» የምትለዋ ለወጉ ማማሪያ ናት፤ ሦስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ ስንደርስ እኔ የለሁም። ባለፈው እሑድም እንዲሁ አደረገ። ሴት ልጁ ሕይወት ለአንድ ዓመት ትምህርት እኛ ወደተማርንባት ወደዚያችው ከተማ ልትሄድ ነውና፣ ከቸርች መልስ እዚህ ሶዶ እቤቱ ሽኝት ደግሶ ነበር። እኔም «አብሮት የተማረው ጋሽ ሳሙኤል» ተብዬ ከጎኑ ተቀምጫለሁ። ሥጋው ቀርቦ፣ ዳጣው በየሳህኑ ዳር ተደርጎ፣ ሰው ሁሉ ወደ ማርቆስ ዘንበል ሲል ሳህኔን ወደ ራሴ ሳብኩ። ጡረታ ወጥቻለሁ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፣ ጉልበቴ ደረጃ አልወጣም ካለኝ ቆይቷል፤ ቅናቴ ግን አላረጀም። ያ ዓመት እኮ የእኔም ነበር።

እንዲያውም መጀመሪያ የእኔ ነበር። ለስኮላርሺፑ ተፈትኜ ያለፍኩት እኔ ነኝ፤ ማርቆስ ተጠባባቂ ነበር። ከእኔ ጋር ያለፈው ሌላው ልጅ ሚስቱ ልትወልድ ስለሆነ ቀረና፣ ማርቆስ ከተበላ ከተማ በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ፣ ጉርድ ፎቶውንና የክትባት ወረቀቱን ይዞ በሁለት ቀን ለጉዞው ደረሰ። ከድር ደግሞ ቀድሞን እዚያው ነበር። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፤ አባቱ ሶዶ ገበያ ውስጥ ስኳርና ጨርቅ በጅምላ የሚሸጡ ሰው ነበሩና ንግድ እንዲማር በራሳቸው ወጪ ልከውታል። ባቡር ጣቢያው ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ቆሞ በወላይትኛ «ሳሮ! ሳሮ!»፣ ሰላም ሰላም፣ እያለ ሲጣራ ማርቆስ ሻንጣውን ጥሎ ሮጠና ተጠመጠመበት። ከድርን ከልጅነቱ የማውቀው እኔ ነኝ፤ የአባቱ ሱቅ ከቤታችን ፊት ለፊት ነበር። ማርቆስ ያን ቀን ገና መተዋወቁ ነው። የተጠመጠመው ግን እሱ፣ ሁለት ሻንጣ ይዤ የቆምኩት እኔ።

ለጉዞው ሁለታችንም ሶዶ ያሰፋነው ሙሉ ልብስ ነበረን፤ ሱሪው ከታች ሰፊ፣ ጨርቁ ለዳሞታ ተራራ ብርድ እንጂ ለዚያ ሙቀት ያልታሰበ። እዚያ ሰው በስስ ሸሚዝና በነጠላ ጫማ ክፍል ይገባል። ማርቆስ በሁለተኛው ሳምንት ኮቱን ለሻይ ሻጩ ሰጠና በምትኩ ሁለት ሸሚዝ አገኘ፤ እኔ «ኮሌጅ በኮት ነው» ብዬ ዓመቱን ሙሉ አላበኝ። ሻዩ ወተት የበዛበት፣ ዝንጅብል ያለው፣ በትንሽ ብርጭቆ የሚቀዳ ነው፤ አንድ ሩፒ ይዘህ ከጠጣህ መልስ ትቀበላለህ። ብስክሌት በሰዓት ይከራያል፤ ከአከራዩ ሬዲዮ ቀኑን ሙሉ የፊልም ዘፈን ይንቆረቆራል። ሶዶ ሲኒማ ቤት ስናይ ባደግነው ፊልም ሰው ዛፍ እየዞረ ይዘፍን ነበርና፣ በመጀመሪያው ሳምንት ዛፍ ባየን ቁጥር ከጀርባው ማን እንደሚወጣ ቆመን እንጠብቅ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሥሩን ከቅርንጫፉ ወደ መሬት የሚያወርድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ አንዲት ሴት ነጭ አበባ በክር ስትሰካ ትውላለች። ዛሬ ሶዶ ስልክ ጥገና ሱቅ በር ላይ የሕንድ ዘፈን ከተከፈተ መንገድ መሀል እቆማለሁ፤ ባጃጆቹ ጥሩምባ ይነፉብኛል። ባጃጅንም ቢሆን አገራችን ከመግባቷ በፊት ተሳፍሬባታለሁ። ይህን ለልጆቼ ስነግር «ጋሽ ማርቆስ ነግሮናል» ይሉኛል።

የተከራየነው ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት ቤት ፎቅ ላይ ነበር። በአካባቢው ቋንቋ አያት «አጂ» ናትና ሰፈሩ ሁሉ አጂ ይላቸዋል። ቀጭን፣ ነጭ ሳሪ የሚለብሱ፣ ሲሄዱ እግራቸው የማይሰማ ሴት ነበሩ። የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ሥጋና እንቁላል ደጃፋቸውን አያልፍም። ሁለት ወላይታ ያለ ሥጋ! ከድር ይህን ሲሰማ ሆዱን ይዞ መንገድ ዳር ተቀመጠ። እኛ ግን ኪራዩ ስለቀለለን፣ ክፍሉም ለኮሌጁ ስለሚቀርብ እሺ አልን። ምስሩንና ጎመኑን ለሦስት ሳምንት ችለን በላን። ከዚያ ማርቆስ «ቢያንስ ዳጣ ልቅመስ፣ አለበለዚያ እሞታለሁ» ብሎ ወደ ማድቤት ወረደ።

አጂ ቅመም የሚፈጩበት፣ ከአማታቸው የወረሱት፣ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ከነመጁ ነበራቸው። ማርቆስ ከገበያ ቃሪያ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ገዝቶ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ ዳጣ መፍጨት ጀመረ። በእኛ ቤት ወንድ ልጅ መጅ ይዞ ቢገኝ እናቱ ራሷ ትጮህበታለች። ደረጃው ላይ ቆሜ በወላይትኛ «አታፍርም?» አልኩት።

«ማን ያየኛል?» አለኝ ቀና ሳይል።

«እኔ እያየሁህ ነው።»

«አንተማ ወንድሜ ነህ። ና ሽንኩርቱን ላጥልኝ።»

አልወረድኩም። ወደ መጽሐፌ ተመለስኩ። ያን ጊዜ ክብሬን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው አጂን በገዛ እጄ ለማርቆስ አስረክቤ ነው የወጣሁት። አጂ ዳጣውን በጣታቸው ጫፍ ቀምሰው፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ እየሳቁና እያስነጠሱ ሌላ ጨመሩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማርቆስ «ቤታ» ሆነ፤ ልጄ ማለት ነው። ማድቤት ውስጥ እሱ ይፈጫል፣ እሳቸው ቋንቋቸውን ያስተምሩታል፣ ሳቃቸው እኔ የማጠናበት ክፍል ድረስ ይመጣል። እኔ «ሚስተር ሳሙኤል» ነበርኩ። በፈተና እበልጠው ነበር፤ የመጀመሪያው ውጤት ሲለጠፍ አጂ እንዲያዩልኝ ወረቀቱን ደረጃው ሥር ጣል አድርጌ ሄድኩ። አንስተው፣ አቧራውን አራግፈው፣ «ሚስተር ሳሙኤል፣ ወረቀት ወድቆብሃል» ብለው ሰጡኝ።

አንድ ቀን ማርቆስ ትኩሳት ያዘው። አጂ የኮኮናት ቅባት አሙቀው፣ ራሱን ጭናቸው ላይ አስደግፈው፣ ፀጉሩን እየከፈሉ ቀቡት፤ አንድ ነገር ቀስ ብለው ያዜሙ ነበር። እናቴን ካየሁ ወራት አልፈውኛል፤ ዜማው እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆምኩ። በሦስተኛው ቀን እኔም ራሴን አመመኝ አልኩ። አጂ ግንባሬን በእጃቸው ጀርባ ነካ አድርገው ሄዱና ክኒንና ውሃ ይዘው መጡ። ክኒኑን ዋጥኩት። ምሬቱ እስከ ማታ አፌ ውስጥ ቆየ።

መስከረም ሲገፋ ጊፋታ ደረሰ፤ የእኛ የወላይታ ዘመን መለወጫ። ያለ ሥጋ ጊፋታ ምኑ ጊፋታ ነው? ከድር «እኔ ጋ ኑ» አለን። እሱ የሚኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ሥጋ ቤቶች ባሉበት በሙስሊሞቹ ሰፈር ነበር። እንግዲህ በአገራችን የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ የሚባል ነገር አለ። አብረን እናድጋለን፣ በሠርግና በለቅሶ አንለያይም፣ ሥጋው ሲመጣ ግን ሳህን እንለያለን። እኔና ከድር በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ አድገን አንድም ቀን ሥጋ አብረን አልቀመስንም። እዚያ ክፍል ውስጥ፣ ሥጋው በትሪ ቀርቦ፣ ማንም እጁን አልዘረጋም። የጀመረው ማርቆስ ነው። «እግዚአብሔር ይሄን ሁሉ አገር አሻግሮ ያመጣን ሳህን እንድንለይ አይደለም» አለና አፉን ከፈተ። ከድር አጎረሰው። ከዚያ ለእኔም አጎረሰኝ፤ ሁለተኛ ነበርኩ።

የጎሽ ሥጋ ነው፤ ሻኛ የለው፣ ስቡ የተቆጠበ፣ ጥርስ የሚፈትን። ግን በላን። ማርቆስ ለዳጣው ብሎ የአጂን ድንጋይ ተውሶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ፣ በብስክሌት ጭኖ መጥቶ ነበር፤ ለምን እንደሚፈልገው አልነገራቸውም፣ እሳቸውም «ለበዓላችን ነው» ሲላቸው አልጠየቁም። ጥሬውን በዳጣ እየጠቀስን ከሁሉም በላይ የበላሁት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ከዚያ ማርቆስ የጊፋታ ዘፈን አወጣ። ከድር ቃሉን ከእኛ እኩል ያውቀዋል፤ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ወለሉ እስኪናጋ ጨፈሩ። እኔ ቢላውን ይዤ የቀረውን ሥጋ እቆርጥ ነበር። እጄ ስለተያዘ ነው ያልተነሳሁት አልኩ ለራሴ። ማንም ግን ተነስ አላለኝም።

በማግስቱ ጠዋት ከድር ድንጋዩን ዘጠኝ ጊዜ አጥቦ በብስክሌት አምጥቶ ለአጂ አስረከበና ሄደ። ማርቆስ ገና ተኝቷል። አጂ ግቢው ውስጥ ለእጽዋታቸው ውሃ እያጠጡ «ሚስተር ሳሙኤል፣ በዓላችሁ እንዴት ነበር?» አሉኝ። ለብዙ ዓመት «አምልጦኝ ነው» ስል ኖሬያለሁ። አላመለጠኝም። መልሱን ማታውኑ አልጋዬ ላይ ሆኜ አዘጋጅቼው ነበር።

«ጥሩ ነበር» አልኳቸው። «ሥጋው ጠንካራ ነው ሲሉ ሰማሁ እንጂ።»

ማጠጫውን አስቀመጡ። «ድንጋዩስ?»

«ዳጣው ለሥጋው ነው። ሥጋው አጠገብ ነበር የተፈጨው። እኔ አልበላሁም።»

አጂ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ከፎቅ ማርቆስን ጠርተው፣ ድንጋዩን ከማድቤት አውጥተው ከውጭ ቧንቧው ሥር አስቀመጡት፤ ከዚያ ወዲያ ማድቤት ተመልሶ አልገባም። «ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር» አሉት። «ልጄም ሆነህ ትቀር ነበር።» ማርቆስ እግራቸው ላይ ወድቆ አለቀሰ። ማን ነገረዎት ብሎ አልጠየቃቸውም፤ እሳቸውም አልተናገሩም። በማግስቱ ከድር ሊጠይቀን ሲመጣ ማርቆስ በር ላይ ጠበቀው። ድንጋዩን ያመጣው እሱ፣ ከአጂ ጋር የተገናኘው እሱ፤ ማርቆስ ሌላ ሰው አላሰበም።

«ሥጋህን በልቼልህ?» አለው። «ከእጅህ ጎርሼልህ ትሸጠኛለህ?»

«ወላሂ፣ ማርቆስ! አፌን አልከፈትኩም። እንኳን ስለ ድንጋዩ፣ ስሜን እንኳ አልጠየቁኝም!» አለ ከድር። ወደ እኔ ዞረ፤ ልጅነታችንን ይዞ ነው የዞረው። «ሳሚ፣ ንገረው እንጂ! እዚያ ነበርክ አይደለም?»

መጽሐፍ ይዤ ደረጃው ላይ ነበርኩ። «እያጠናሁ ነበር» አልኩ።

ማርቆስ በሳምንቱ ወደ ተማሪዎች ማደሪያ ሄደ። ክፍሉም፣ ቤቱም፣ አጂም ለእኔ ብቻ ቀሩ። ሰባት ወር ያህል አብረን ኖርን። ሽንኩርት ልላጥ ብዬ አንድ ቀን ማድቤት ወረድኩ፤ «አትድከም፣ ሚስተር ሳሙኤል» ብለው ቢላዋውን ቀስ አድርገው ከእጄ ወሰዱት። ዓመቱ አልቆ ወደ አገሬ ስመለስ በሩ ድረስ ሸኙኝና «ቤታን ወደ አገርህ በደህና ግባ በልልኝ» አሉኝ። ያንንም አልነገርኩትም።

ሶዶ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሦስት ሰው ተኮራርፎ ሊኖርባት ይከብዳል። ማርቆስ የከድር ሱቅ ያለበት መንገድ ላይ ሲደርስ ይሻገራል፤ ስኳር ቢያልቅበት ቦዲቲ ከተማ ድረስ ሄዶ ይገዛል እየተባለ ይቀለዳል። በየጊፋታው በዓሉ ከመግባቱ በፊት የተጣላ ይታረቅ ተብሎ ሽማግሌ ይጠይቃል፤ ማርቆስ በየዓመቱ «ከማንም ጋር የለኝም» ይላል። ከድር ወላይታ ስላልሆነ ማንም አልቆጠረውም። እኔ ከሁለቱም ጋር ነኝ። ከማርቆስ ጋር ቸርች እገናኛለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ከድር ሱቅ ጎራ እላለሁ። ከድር አባቱን ተክቶ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ ሁልጊዜ ስወጣ ይጠይቀኛል፦ «ያ ሰው ደህና ነው? ሰላም በልልኝ።» እሺ እላለሁ። አንድም ቀን አላደረስኩም። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ እኔ ነኝ ብዬ አስብ ነበር፤ ቢታረቁ ግን ማን ወደ እኔ ይመጣል?

እንግዲህ ባለፈው እሑድ ማርቆስ ይህን ሁሉ አወራው። ዳጣውን፣ ብስክሌቱን፣ የአጂን ድምፅ እያስመሰለ። ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። መጨረሻው ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከመካከላችን አንዱ ሸጠኝ» አለ።

«አባዬ፣ ማን ነው ግን?» አለች ሕይወት።

«ተይው ልጄ። ሰውየው እዚሁ ከተማ አለ። ነጋዴ ነው፤ ነጋዴ ምን የማይሸጠው አለ?»

ሰው ሳቀ። እኔ በዚያን ሰዓት የተሰማኝን እንዳለ ልናገር። ሕሊናዬ ወቅሶኝ ነው ብል ደስ ባለኝ ነበር፤ ወቅሶኝ ያውቃል፣ ግን የዚያን ቀን እሱ አይደለም። ከድር እንኳ በዚያ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። ከሃዲ ነው፣ ግን አለ፤ ሰው ማን ነው ብሎ ይጠይቅለታል። እኔ የለሁም። በከሃዲው ቀናሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ለአጂ የነገርኳቸው እኔ ነኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ጋሽ ሳሙኤል ዛሬስ ጨዋታ አመጡ!» አለ አንድ የቸርች ሽማግሌ ጭኑን እየመታ። ማርቆስም ሳቀ፤ «አያችሁት? በወጌ ገብቶ ወንበር ሲፈልግ!» አለ። ሰው እንደገና ሳቀ። ከዚያ ማርቆስ ዞሮ አየኝ። እኔ አልሳቅሁም። ሌላው ሲስቅ የእሱ ሳቅ ተቋረጠ፤ «ብሉ፣ ብሉ እንጂ» አለ ለእንግዶቹ።

ስወጣ ኮፍያውን አንስቶ «ላድርስህ» አለኝ። ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?» አለ ማርቆስ።

«ሥጋው ጠንካራ ነው አልኳቸው። እኔ አልበላሁም አልኳቸው።»

«ከሁላችን የበላኸው አንተ ነህ እኮ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ የተሻለ መልስ ብፈልግ አጣሁ። «አንተን ቅባት ቀቡህ» አልኩት። «ለእኔ ክኒን ሰጡኝ።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። በባጃጇ ክፍት ጎን ወደ ውጭ እያየ፣ በወላይትኛ «ታ ኢሻዉ» አለ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው። ለእኔ ይበለው ለሌላ ሰው አልገባኝም። «አርባ አምስት ዓመት ሙሉ መንገድ ተሻገርኩ» አለ። ከዚያ ለሾፌሩ፣ «እዚህ ጋ አቁምልኝ።»

የከድር ሱቅ እሑድም አይዘጋም። ማርቆስ ወረደ፤ ና አላለኝም። መንገዱን በዝግታ አቋርጦ በሩ ላይ ቆመና ኮፍያውን አወለቀ። ከድር ከስኳር ጆንያዎቹ መካከል ቀና ብሎ መነጽሩን ወደ ዓይኑ አወረደ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ማርቆስ ሲናገር፣ ከድር እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ ብቻ አየሁ። ከዚያ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ መቁጠር ተውኩ። ከድር ከባንኮኒው ጀርባ በርጩማ ጎትቶ አወጣና አቧራውን በእጅጌው ጠርጎ ለማርቆስ አቀረበለት። እዚያ ሱቅ ያለው በርጩማ አንድ ነው፤ እኔ ስሄድ የምቀመጥበት።

«ፋዘር፣ እንሂድ?» አለኝ ሾፌሩ።

«ጠብቅ» አልኩት። «ይጠሩኝ ይሆናል።»